ከፋይ የለበሰ ዱላ

በእርሻ አገር ያደገ ሰው ብረት እንጂ እጀታ አይገዛም። መጥረቢያውን፣ ዶማውን፣ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ወይም ከገበያ ያመጣል፤ ዛቢያውን ግን ራሱ ነው የሚሠራው። እንጨቱን መርጦ ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ ያደርቃል፣ በገዛ እጁ እየለካ ይጠርባል። እርፍም እንደዚያው ነው። አጭር ሰው ለራሱ ያበጀው እርፍ ረጅሙን ጎረቤቱን ሲያጎብጠው ይውላል። በአንድ መሣሪያ ላይ ድንበር አለ ማለት ነው፦ ብረቱ የባለሙያ፣ እጅ የሚነካው ቦታ የባለቤቱ። ያደግኩት አንገር ጉቲን ነው፤ ይሄ ድንበር የተፈጥሮ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ኮድ እየጻፍኩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ትርፍ ጊዜዬን የበላው ጥያቄ ግን ከሥራዬ ጋር አይገናኝም። ጥያቄው ይሄ ነው፦ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ ላይ የሚደረገውን ፀጉራም ሽፋን ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል ወይስ ባለሙያ የሠራውን መግዛት? ሳቁ፣ ችግር የለም። የቢሮ ጓደኞቼም ስቀው ጨርሰዋል።

ሽፋኑን ሳታውቁት ነክታችሁታል። የወርቅ ቤት የቀለበት ሣጥን ውስጡን አስቡ። ወይም አንዳንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ጣት ሲያርፍበት ለስለስ የሚለውን ጽሑፍ። ጨርቅ ይመስላል እንጂ ጨርቅ አይደለም። ርዝመታቸው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሆኑ የናይሎን ክሮች ናቸው፣ እርጥብ ሙጫ ላይ እንደ ሣር የተተከሉ። ፈረንጆቹ ፍሎክ ይሉታል። አባቴ መጀመሪያ ሲነካው “ከፋይ ነው” አለ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከፋይ ነው የምለው።

በውጭ አገር በልካቸው ዘንግ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። የካርቦን ዘንጉን ከፋብሪካ ይገዛሉ፤ እጀታውን፣ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች፣ መጠምጠሚያውን ግን ወይ ራሳቸው ይሠራሉ ወይ ባለሙያ ይገጥምላቸዋል። ያው የኛው የመጥረቢያ ድንበር ነው። እጀታው በልማድ ከቡሽ ይሠራል። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከፖርቱጋል ሲሆን፣ አንዴ የተላጠ ዛፍ እንደገና እስኪላጥ 9 ዓመት ይጠበቃል። ጥሩ ቡሽ ውድ የሆነው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ኢቫ መጣ፣ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ስፖንጅ መሰል ነገር። ፍሎክ ከነዚህ ጎን ያለ ሌላ አማራጭ ነው፦ ቀጭን ነው፣ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሲረጥብም አያንሸራትትም።

እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ነገር ነው። ሲረጥብ አያንሸራትትም።

ሦስት ጣት

አባቴ ወለጋ የገባው በ1977ቱ ድርቅ ነው፣ ከወሎ፣ ገና ልጅ ሳለ። በዚያ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ካሰፈራቸው 600,000 ገደማ ሰዎች አንዱ ነው። ደጋ ያደገ ልጅ ቆላ ወረደ። ወባ ነበር፣ ከብት የሚፈጅ ገንዲ ነበር። ግን ደግሞ አንገር ነበር። አንገር ወደ ዴዴሳ ይፈስሳል፣ ዴዴሳ ወደ ዓባይ። ዓሣ ማጥመድን ያስተማሩት ቀድመው እዚያ የነበሩ የኦሮሞ ልጆች ናቸው፦ መንጠቆ፣ ናይሎን ክር፣ የሽመል ዱላ፣ በቃ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በትኖ ዓሣ ማሳከርም በአገራችን የታወቀ ዘዴ ነው። አባቴ ግን አይወደውም። “ትንሹንም ትልቁንም ከፈጀህ ነገ ምን ልትበላ ነው?” ይላል።

ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሽመል ድፍን ነው። ጠንካራ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ግን ይከብዳል። ከጫፉ ላይ ደግሞ አምባዛ ሲጎትት አስቡት። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ሙልጭልጭ ነው። ከመንጠቆ አውጥታችሁት በዚያው እጅ ዱላውን ስትይዙ ዱላውም አምባዛ ይሆናል።

በ2011 አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቺንጊያ የአባቴን ቀኝ እጅ ያዘው። ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን ወሰደ። ብዙ ሰው የሚይዘው በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ይመስለዋል። መዶሻ አንሡና ሁለቱን የዳር ጣቶች አላቅቃችሁ ለመምታት ሞክሩ፤ ጭብጥ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ይገባችኋል።

ማረሱን ቀጠለ። እርፉን አውጥቶ በወፍራም እንጨት ተካው፣ ለቀረው እጁ እንዲሞላ። ማንንም አላማከረም። ዱላው ግን አስቸገረው። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጦ ጠመጠመበት፤ ደረቅ ሲሆን ጥሩ ይይዛል፣ የዓሣ ልጋግ ሲነካው ይንሸራተታል። ጨርቅ ጠመጠመበት፤ በሳምንት ሸተተ። ቆዳ ሞከረ፤ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ቀንድ ደረቀ።

ይሄ መዝናኛ ቢሆን ኖሮ ትተው ማለት ይቻል ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ዓሣ ገንዘብ ነው። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፤ የታናናሾቼ ደብተርና ዩኒፎርም የመጣው ከዚያ ነው። ከ2013 ወዲህ በአካባቢው ግጭት በተነሣ ቁጥር መንገዱ ሲዘጋ፣ ገበያው ሲቆም፣ ዓሣ ራት ነበር። በዚያ ሰሞን ስደውል አባቴ ስለ ጥይት አያወራኝም። “ዛሬ ሁለት አመለጠኝ” ይለኛል።

እኔ በነቀምቴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ነው ወደ ሶፍትዌር የገባሁት። ከትምህርቱ ያልረሳሁት አንድ ቀላል ነገር አለ፦ አንድን ነገር እንዳይንሸራተት የሚይዘው መጭመቅ ብቻ አይደለም፤ መጭመቅ ሲባዛ በሰበቃ ነው። የአባቴን ጣቶች መመለስ አልችልም፤ መጭመቁ ቀንሷል፣ አለቀ። ሰበቃውን ግን መጨመር ይቻላል።

እንዴት ይሠራል?

የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ይኖራል፣ ከ10,000 በላይ ሐይቅ ባላት ግዛት። በረዶ ቆፍሮ ዓሣ እስከማጥመድ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ሲመጣ በባለሙያ ያሠራውን አንድ ዘንግ ለአባቴ ስጦታ ይዞ መጣ፣ እጀታው ጥቁር ከፋይ የለበሰ። ለኔ ደግሞ አንድ ከረጢት የናይሎን ክርና አንድ ጣሳ ሙጫ። “አንተ መሐንዲስ አይደለህ?” አለኝ።

ባለሙያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ክሮቹ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ቻርጅ ይደረጋሉ፤ ሙጫ የተቀባው እጀታ ደግሞ ከመሬት ጋር በሽቦ ይገናኛል። ክሮቹ በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን መስክ ተከትለው ይሰለፋሉ፣ እንደ ቀስት ይወረወራሉ፣ ሙጫው ላይ በጫፋቸው ቀጥ ብለው ይሰካሉ። ቦታው ጢም እስኪል ድረስ በጎረቤቶቻቸው መካከል ቀዳዳ እየፈለጉ ይገባሉ። የከፋይነቱ ምሥጢር ይሄ ቀጥ ብሎ መቆም ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ማሽን የለውም። ክሩን እንደ በርበሬ ይነሰንሳል፣ ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ ጫን ጫን እያለ ይነፋዋል። ክሩ ይጣበቃል፤ ግን ግማሹ ይተኛል። የተኛ ክር ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፣ ሲይዙት ግን ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይረግፋል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ትንንሽ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ሰው ሠራሽ ሣር የሚተክሉበት። የትንኝ መግደያ ራኬት ፈትተው ውስጡ ያለውን ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪውት ከወንፊት ጋር ያገናኙታል። ከባለሙያው ማሽን ጋር አይወዳደርም፣ ጥቂት ሺህ ቮልት ነው። ግን ክሩን ከመተኛት ያነሣዋል።

ራኬቷን ከመርካቶ ገዛሁ። የሽመሉን ቆዳ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ሙጫ እንዲይዝ፣ ሽመል ላዩ እንደ ሰም ነውና። ሙጫው ከክሩ ጋር አንድ ቀለም መሆን አለበት፤ ክሩ ሳስቶ የቀረበት ቦታ እንዳይታይ። ቀርከሃ እንደ ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ የመሬቱን ሽቦ እርጥቡ ሙጫ ራሱ ላይ አስነካሁት። ከዚያ ወንፊቱን ከላይ እያንቀጠቀጡ፣ ዱላውን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ክሮቹ ሲቆሙ በዓይን ይታያሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራልኝ የተሰማኝ ደስታ ነው የተሰማኝ።

ሳንባ

እዚህ ላይ ስለ ቤት ሥራ የሚያወሩ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳና በአሜሪካ ናይሎን ፍሎክ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ትንፋሽ ማጠር ጀመራቸው። ዴቪድ ከርን የሚባል በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የሚሠራ ሐኪም ጉዳዩን ተከታተለ። ያገኘውን እንዳያወጣ ጫና ተደረገበት፤ እሱ ግን በ1997 በሐኪሞች ጉባኤ አቀረበው፣ በ1998 በሕክምና መጽሔት አሳተመው። ሥራውን አጣ። በሽታው ግን ስም አገኘ፦ የፍሎክ ሠራተኞች ሳንባ። መነሻው ክሩ ራሱ አይደለም፤ ክሩ ሲቆረጥ የሚፈጠረው እጅግ ደቃቅ የናይሎን ብናኝ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ።

አንድ እጀታ የሚሠራ ሰው እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ዓመት ሙሉ አይተነፍሰውም፣ ልክ ነው። ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ክፍሌ ውስጥ አልሠራሁትም። ግቢ ወጥቼ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈኝን ማስክ አድርጌ፣ ስጨርስ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ ነው የሠራሁት። የአከራዬ ልጆች ሊያዩ ሲመጡ አባረርኳቸው። ደግሞም “ባለሙያ የሠራው” ስንል አንድ ጠበብት ብቻ አይደለም፤ ክሩን ስትቆርጥ የዋለች ሴትም አለችበት። በቤትም ይሠራ በባለሙያ፣ ክሩ ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚወጣው።

አንገር ላይ

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሁለቱንም ይዤ ወረድኩ። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፣ ኡኬን አልፎ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ጆሮ ድፍን ይላል። ጥር ነበር፤ ውሃው ጎድሏል፣ ድንጋዩ ወጥቷል።

አባቴ የሚኒሶታውን ዘንግ ተቀብሎ ደባበሰው። “ከፋይ ነው” ያለው ያኔ ነው። “ንጉሥ የሚለብሰውን ለዱላ አለበሱት?” ከዚያ ጨበጠው። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ቶሎ ነው የመጣው፤ እጀታው ቀጭን ነበር። አምስት ጣት ላለው እጅ የተሠራ፣ ክብ፣ ቀጭን፣ የሚያምር እጀታ። በሦስት ጣት ሲይዘው በመዳፉና በዘንጉ መካከል ባዶ ቦታ ቀረ። ከፋዩ የትም ያህል ቢያዝ፣ የማይነካውን እጅ ሊይዝ አይችልም። ዘንጉን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው።

የኔውን ደግሞ አየው። የኔ ቢያንስ ሽመል ነው፣ ውፍረቱ የሚያውቀው ነው። ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጨበጠው፣ ወንድሜን “ጎትት” አለው። ጎተተ። አልወጣም። “ይይዛል” አለ አባቴ። እሱ ዘንድ ይሄ ረጅም ንግግር ነው። ከዚያ ግን ዱላውን ገልብጦ አየና “ግን ለምን ክብ ሆነ? እጅ ክብ ነው እንዴ?” አለኝ።

በማግሥቱ ቁጭ ብሎ ሌላ እጀታ ጠረበ። የሽመሉን ወፍራም ጫፍ በሁለት የተገመሰ እንጨት አልብሶ፣ አንዱን ጎን ጠፍጣፋ፣ ሌላውን የጎበጠ አድርጎ፣ ድሮ ሁለቱ ጣቶች ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ጉብታ ትቶ። ጉብታው የመዳፉን ባዶ ቦታ ሞላው። እኔ ከፋይ አለበስኩት።

እንግዲህ ውጤቱ። በስምንት ወር ውስጥ፣ በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያየነው ነው። ባለሙያው የሠራው ከፋይ ከኔው ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ክሩ ጢም ያለ ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ወንድሜ በየሳምንቱ ይዞት ወጥቶ እንኳ ከስምንት ወር በኋላ አልሳሳም። የኔው በሦስተኛው ወር አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ መመለጥ ጀመረ። ሙያ ሙያ ነው፤ “በእጅ የተሠራ ይበልጣል” የሚለውን የኢንስታግራም ወሬ እዚህ ላይ አልደግመውም።

ግን የሚኒሶታው ዘንግ አንድ ቀን ከሞተር ሳይክል ላይ ወደቀ። እጀታው ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ተላጠ። ከፋይ አይጣፍም፤ እንዲያምር ከተፈለገ ሙሉውን ፍቆ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ እንደ አዲስ መትከል ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ያለው አትላንቲክን ተሻግሮ ነው። ወንድሜ የብስክሌት ላስቲክ ጠመጠመበት፣ በዚያ ባማረው ጥቁር ከፋይ ላይ። ሳየው ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረ። በሙያዬ በየቀኑ የማየው ነገር ነበር። ሌሎች የጻፉትን ግሩም ላይብረሪ እናስገባለን፣ ከኛ ኮድ ይሻላል፣ ፈጣን ነው። የተበላሸ ቀን ግን ውስጡን የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም፤ ላዩ ላይ ላስቲክ እንጠመጥማለን።

አንገር ጉቲን ላይ “የተበላሸ ቀን” ደግሞ ቲኬት ተከፍቶለት የሚጠበቅ ቀን አይደለም። መንገዱ ወራት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አሁን “ቤት ወይስ ባለሙያ?” ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ስለ ጥራት ከሆነ ባለሙያ እላለሁ። ስለ ቅርጽ ከሆነ ግን እጁ ያለው ሰው ራሱ እንጂ ሌላ ማንም አይደለም፤ ማንም ባለሙያ ያንን ጉብታ አያስበውም፣ ምክንያቱም ጉብታው የአባቴ እጅ ነው። ስለ ዕድሜ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ስንት ወር ይቆያል አይደለም፤ ሲያልቅ ማን ያድሰዋል ነው።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። ከፋዩ በጣም ሳስቷል አለኝ። ክር ልላክልህ ስለው “ክሩን ተወው” አለ። “ሙጫውን ላክልኝ።”

ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ወንድሜ በፎቶ አሳየኝ። ቃጫ ነው። ጆንያ የሚሠራበት ያ ቃጫ፣ በቢላ እንደ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፣ የቀረው ሙጫ ላይ ተነስንሶ። ርዝመቱ አንድ አይደለም፣ አይቆምም፣ ቀለሙ የደረሰ ገብስ ይመስላል፣ መዳፍ ይኮረኩራል። ይይዛል ወይ አልኩት። “አባባ ትናንት በሱ ይዞ ነው የመጣው” አለና ሁለተኛ ፎቶ ላከልኝ፤ አንድ አምባዛ፣ በቅጠል ላይ።

ፍሎክ ከናይሎን ብቻ አይሠራም፤ ከጥጥና ከሬዮንም ይሠራል። ቃጫም እንደ ጥጥ የተክል ክር ነው። በትክክል አንድ ሚሊሜትር ከተቆረጠና ትንሽ እርጥበት ካገኘ በራኬቷ ኤሌክትሪክ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ አንድ ዓይነት ርዝመት መቁረጡ ነው ከባዱ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጣሳ ሙጫ፣ ራኬቷ፣ ማስኩና የፀጉር ቤት መቀስ አሉ። መንገዱ ደህና ነው ካሉኝ ለጥምቀት እወርዳለሁ።